ዐሥራ አራት ቀን በእንጨት ጀልባ

በባሕር ላይ በሸራ መጓዝ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ነጭ ሸራ ተዘርግቶ፥ ተጓዡ ክንዱን ተንተርሶ፥ ነፋሱ ወደ ወደደው ሲወስደው ነው። እኔም በአቴና ከተማ የምኖር፥ በፔራማ የመርከብ መጠገኛ ሠፈር ለዐሥራ አንድ ዓመት የጀልባ ሆድ ስፍቅና ቀለም ስቀባ የኖርሁ ሰው ሆኜ ሳለ፥ እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ አሳቤ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ጀልባን የማውቃት በምድር ላይ ተደግፋ ስትቆም እንጂ በውኃ ላይ ሆና በየቀኑ የምትጠይቀውን አላውቅም ነበርና። በዚያ ዓመት ከሐምሌ 26 ቀን እስከ ነሐሴ 9 ቀን፥ ይኸውም በእኛ አገር ክረምት በእነርሱ አገር በጋ በሆነበት ወራት፥ ከአንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋር የሳሮኒክን ባሕረ ሰላጤ ዳር ዳሩን ይዤ ተጓዝሁ። ያየሁትንና የደረሰብኝን፥ ያጠፋሁትንም ጭምር፥ ለአንባቢ እነግራለሁ።

ግሪኮች በዕድሜ የገፋውን ሰው፥ ይልቁንም የባሕር ሰው የሆነውን፥ «ባርባ» ብለው ይጠሩታል፤ እኛ «አጎቴ» ወይም «ጋሼ» እንደምንለው ያለ አጠራር ነው። እኒህንም ሽማግሌ በዚሁ መጠሪያ ብቻ እጠራቸዋለሁ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር፤ አንድ ልጃቸው በአውስትራልያ፥ በሜልቦርን ከተማ ይኖራል። የቀኝ እጃቸው ጣቶች በሪሕ ስለ ተያዙ መልሕቅ መጎተት አልቻሉም። «እስከ ኤርሚዮኒ ሄጄ እኅቴን ልጠይቅ ነው፤ ጉልበቱ ካንተ፥ ዕውቀቱ ከኔ ይሁንና አብረኸኝ ና» ባሉኝ ጊዜ፥ የዓመት ዕረፍቴ ደርሶ ነበርና እሺ አልሁ። እሺ ያልሁበት ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እርሱን በቦታው እናገራለሁ።

ጀልባይቱ «ትሬሃንዲሪ» ከሚባለው ዐይነት ናት። ፊትዋም ኋላዋም ሾጣጣ ነው፤ ሁለቱ ጫፎችዋ ወደ ላይ ቀና ያሉ፥ መካከልዋ ዝቅ ያለ፥ ሆደ ሰፊ ናት። የአናጢዎቹ ሕግ ርዝመቷ የስፋቷ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ያዝዛል፤ የባርባም ጀልባ ስምንት ሜትር ርዝመትና ሁለት ሜትር ከሰባ ስፋት ነበራት። የዚህ ዐይነት ጀልባ መጀመሪያ የተሠራው በሂድራ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1658 ነው ተብሎ ይነገራል። ሳንቃዎችዋ ከሳሞስ ደሴት ጥድ የተሰነጠቁ ናቸው፤ ይህ ጥድ ሙጫው ብዙ ስለ ሆነ በጀልባ አናጢዎች ዘንድ የተወደደ ነው። ያሠሩዋት አባታቸው ናቸው። በኋላ ዘመን በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ተገብቶላታል፤ ባርባ ግን ምሰሶዋንና ቡናማ ሸራዋን አልጣሉም፤ ነፋስ ከኋላ ወይም ከጎን የመጣ እንደ ሆነ ሞተሩን ያጠፉታል። «ሞተር ገንዘቤንም ይበላል፥ ጆሮዬንም ይበላል» ይላሉ።

በመሪው አጠገብ ባለችው ትንሽ መሳቢያ ውስጥ፥ ከክብሪቱና ከሸራ መርፌው ጋር፥ በወፍራም ወረቀት የታተመ አንድ ቅጽ ተቀምጦ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በባሕሩ ያለው ዓሣ እንዳያልቅ ሲል የአጥማጅ ጀልባዎችን ቁጥር ለመቀነስ አሰበ፤ ስለዚህ የማጥመድ ፈቃዱን ለሚመልስ ሰው የገንዘብ ካሣ ተመደበ። ዳሩ ግን ፈቃዱ ሲመለስ ጀልባውም አብሮ ይሰጥ ነበር፤ ሁለተኛ እንዳያጠምድም ይሰበር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በግሪክ አገር በዚህ መንገድ የተሰበሩት የእንጨት ጀልባዎች ከ10,000 በላይ ናቸው። አሳቡ ዓሣውን ለመጠበቅ ነውና ክፉ ነው አልልም፤ ገንዘቡም ለብዙ ሽማግሌ ጧሪ ሆኖታል። ነገር ግን አንድ ቀን ሲሰበር ቆሜ አይቻለሁ። አፈር የሚዝቀው መኪና ጥርሱን በጀልባው ወገብ ላይ ጫነው፤ አናጢ ወራት የደከመበት ሥራ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የማገዶ ክምር ሆነ። ባለቤቱ የመሪውን እጀታ ብቻ ነቅሎ በብብቱ ይዞ ሄደ።

ባርባ ቅጹን ሞልተውታል፤ የቀረው ፊርማቸው ብቻ ነበር። «ስንመለስ እወስናለሁ» አሉኝ። «እርስዋ ጤነኛ እንደ ሆነች እኔም እንደ ምንም እይዛታለሁ። ታምማ እንደ ሆነ ግን ሁለት በሽተኛ በአንድ ቤት አይሆንም።»

አሁን የራሴን ነገር ልናገር። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ጀልባይቱ በፔራማ ወደ ምድር ወጥታ የተጠገነችው በእኔ እጅ ነበር። ፔራማ ከፒሬዎስ ወደብ በስተ ምዕራብ፥ በሳላሚስ ደሴት ፊት ለፊት የምትገኝ የመርከብ ሠራተኞች ሠፈር ናት፤ ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት የፋርስን መርከቦች ድል ያደረጉበት ጠባብ ባሕር ከደጃፏ ነው። ዛሬ በዚያ የሚሰማው የመዶሻና የብረት መፋቂያ ጩኸት ነው።

የእንጨት ጀልባ ከብዙ ሳንቃ ተጋጥማ የምትሠራ ስለ ሆነች፥ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለው ስንጥቅ መደፈን አለበት። ይህን የሚሠራው ሙያተኛ «ካላፋቲስ» ይባላል። አሮጌው ጥጥ በቆልማማ ብረት ተጎልጉሎ ይወጣል፤ ስንጥቁ ተጠርጎ ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ተገምዶ የተዘጋጀ አዲስ ጥጥ ጫፉ ደነዝ በሆነ መሮና በእንጨት መዶሻ እየተመታ ይገባል። አመታቱ ልክ አለው፤ ቢላላ ውኃ ያስገባል፥ ቢጠብቅ ሳንቃውን ይፈለቅቃል። ሙያው የገባው ሰው በዓይኑ አይመራም፥ በጆሮው ነው፤ ጥጡ በሚገባ ሲቀመጥ የመዶሻው ድምፅ ይጠራል። በጥጡ ላይ ቀለም፥ በቀለሙም ላይ ስቱኮ ይሞላበታል፤ በመጨረሻም የባሕር ሣርና ቅርፊት እንዳይዛት መዳብ ያለበት ቀለም ሆድዋን ትቀባለች። ወደ ውኃ ስትመለስ በመጀመሪያው ቀን ታፈሳለች፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግን ስንጥቁ ይገጥማል። የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ውኃ ውስጥ እንደምንዘፈዝፈው ማለት ነው።

ይህን ሥራ በአንድ ቅዳሜ ማታ ስጨርስ፥ በግራ ጎንዋ፥ ሆድዋ ወደ ታች በሚታጠፍበት ሥፍራ፥ አንድ ክንድ የሚያህል ስንጥቅ ቀርቶኝ ነበር። መሽቷል፥ ዝናብም እየመጣ ነው። አሮጌውን ጥጥ በጣቴ ጫን ጫን አድርጌ ያልበሰበሰ መሰለኝ፤ ሳላወጣው ስቱኮ ሞላሁበት፥ ቀባሁትም። ዋጋዬንም ሙሉ ተቀበልሁ። ባርባ «አብረኸኝ ና» ሲሉኝ እሺ ያሰኘኝ ሁለተኛው ምክንያት እንግዲህ ይህ ነበር፤ ያች አንድ ክንድ ስንጥቅ ከሚያዝያ ጀምሮ ከልቤ አልወጣችም ነበር።

ማክሰኞ ጧት ከፔራማ ተነሥተን፥ ሳላሚስን በቀኝ ትተን፥ ከቀትር በፊት ከኤጊና ደሴት ደረስን። በወደቡ መግቢያ ለቅዱስ ኒቆላዎስ የተሠራች ትንሽ ነጭ ቤተ ጸሎት አለች። ግሪኮች ቅዱስ ኒቆላዎስን የባሕር ሰዎች ጠባቂ ያደርጉታል፤ ባርባም በመሪው ፊት ሥዕሉን ሰቅለዋል። በፊትዋ ስናልፍ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ። ኤጊና አዲሲቱ ግሪክ በተመሠረተች ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1828፥ የመንግሥት መቀመጫ ሆና ነበር፤ ዛሬ ግን ከታሪኳ ይልቅ የምትታወቀው ፒስታቺዮ በሚባለው ፍሬዋ ነው። በወደቡ ዳር ፍሬው በወረቀት ከረጢት ተሞልቶ እንደ ቆሎ ይሸጣል።

በጀልባ የሚኖር ሰው ቀኑን የሚጀምረው በቡና አይደለም፥ በፓምፕ ነው። የእንጨት ጀልባ ምንም ያህል ብትጠበቅ ጥቂት ውኃ ማስገባቷ አይቀርም። በመርገጫው ሥር የተጠራቀመው ውኃ ጧት ጧት በእጅ ፓምፕ ይቀዳል፤ እጀታው ስንት ጊዜ እንደ ተገፋም ይቈጠራል። ሐኪም የበሽተኛን የደም ሥር ይዞ እንደሚቈጥረው ነው። ባርባ ከተኙበት ሳይነሡ «ስንት?» ብለው ይጠይቁኛል። በመጀመሪያው ጧት «ሃያ» አልኋቸው፤ እውነትም ሃያ ነበር። «ሃያ የአባቴም ቁጥር ነው» ብለው ደስ ብሏቸው ተነሡ።

ከፓምፑ ቀጥሎ የላይኛው ወለል ይታጠባል። እኔ ከወደቡ ቧንቧ ንጹሕ ውኃ በባልዲ ሞልቼ ባመጣሁ ጊዜ ተቈጡኝ። ለካ እንጨትን የሚያበሰብሰው የዝናብና የቧንቧ ውኃ ነው፤ እንጨት የሚበላው ሻጋታ ጨው ባለበት ኑሮ የለውም። ስለዚህ ወለሉ ጧትና ማታ በባሕር ውኃ ይረጫል፤ ይህም ፀሐይ አድርቆ እንዳይሰነጥቀው ይረዳል። ከውኃ በታች ያለው ጠላት ደግሞ ሌላ ነው። ትል የሚመስል፥ በዝርያው ግን ከዛጎል ወገን የሆነ ፍጥረት ቀለም የተላጠበትን ሥፍራ ፈልጎ ይገባና ሳንቃውን ከውስጥ እንደ ማር እንጀራ ይቦረቡረዋል፤ ከውጭ የሚታየው የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብቻ ነው። የሞተሩ ዘንግ ከጀልባይቱ በሚወጣበት በኩል ያለው የግራሶ ዕቃ በየቀኑ አንድ ዙር ይጠመዘዛል። በመሪው ብረት ላይ የታሰረውንም ዚንክ ባርባ ዝቅ ብለው አይተው «ገና ግማሹ አለ» ይላሉ፤ የባሕር ጨው ነሐሱንና ብረቱን ትቶ አስቀድሞ ዚንኩን ስለሚበላ፥ ሆን ተብሎ እንዲበላ የተሰጠ ነው። የመልሕቁ ገመድ ከጀልባይቱ አፍንጫ ጋር የሚታከክበት በአሮጌ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ጨርቁም በየማታው ቦታውን እንዲለውጥ ይደረጋል። በሸራው ላይ አንዲት ክር ብትፈታ በዚያው ቀን ትሰፋለች። ለነገ የሚባል ነገር የለም፤ ቢኖርም ነፋሱ ቀድሞ ያገኘዋል። እናቴ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ቤቱን ስትጠርግ፥ ምጣዱን ስታሰስ፥ የተተረተረ ስትጥፍ፥ እኔ በልጅነቴ ሥራ አይመስለኝም ነበር፤ ያ ሁሉ በባሕር ላይ ሳለሁ ትዝ አለኝ።

ስለ ምግባችንም ልንገራችሁ። ግሪኮች የፍልሰታን ጾም የሚጀምሩት በእኛ አቈጣጠር ሐምሌ 25 ቀን ነው፤ እኛ ደግሞ ነሐሴ 1 ቀን። በአንዲት ምድጃ ሁለት ዐይነት ከምናበስል ብዬ ከእርሳቸው ጋር ቀድሜ ጀመርሁ። ዳቦ፥ ወይራ፥ ቲማቲምና የተቀቀለ ምስር ነበር የምንበላው። እርሳቸው ስምንት እግር ያለውን የባሕር እንስሳ፥ ደም የለውም እያሉ፥ በጾም ይበሉታል፤ እኔ ወደ እርሱ አልሄድሁም። ከአቴና ይዤው የወጣሁት አንድ ኪሎ ሽሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሠርቼ ባቀመስኋቸው ጊዜ «ይህን እያወቅህ ሦስት ቀን ምስር አበላኸኝ» ብለው ወቀሱኝ። የሚጠጣው ውኃ በሁለት ጄሪካን የተያዘ ስድሳ ሊትር ብቻ ስለ ሆነ፥ ሰውነታችንንም ሳሕኑንም የምናጥበው በባሕር ነበር። በጨው ውኃ የታጠበ ሸሚዝ ሲደርቅ እንደ ሰሌን ቀጥ ብሎ ይቆማል።

በኤጊና ሦስት ቀን ቆየን፤ ያቆየንም ነፋስ ነው። በበጋ፥ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ፥ በባልካን አገሮች ላይ ከሚከማቸው ከባድ አየር ወደ ትንሿ እስያ ሞቃት አየር የሚነፍስ ብርቱ የሰሜን ነፋስ አለ፤ ዛሬ «ሜልቴሚ» ይሉታል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ደመና ሳይታይ ይነሣል፤ ማታ ይበርዳል፤ አንዳንዴም ቀን ከሌት አያቆምም። ጥንት ግሪኮች በየዓመቱ የሚመላለስ ነፋስ ይሉት ነበር። ሄሮዶቱስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ፥ አንዳንድ ግሪኮች ዓባይ በበጋ የሚሞላው ይህ ነፋስ ወንዙን ወደ ባሕር እንዳይፈስስ ስለሚያግደው ነው ይሉ እንደ ነበር ጽፏል፤ እርሱ ራሱ ግን፥ ነፋሱ ሳይነፍስ በቀረበት ዓመትም ወንዙ ይሞላል ብሎ አልተቀበላቸውም። የጎጃምን ዝናብ አይቶ ያደገ ሰው ይህን በኤጊና ወደብ ተቀምጦ ሲያስብ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ለባርባ ብነግራቸው «ነፋሱ የኛ፥ ውኃው የናንተ ነው በለኛ» አሉ።

ባርባ በአንዱ ቀን በአውቶቡስ ወደ ቅዱስ ነክታርዮስ ገዳም ወጡ። ነክታርዮስ እ.ኤ.አ. በ1920 ያረፉ ጳጳስ ናቸው፤ የግሪኮች ቤተ ክርስቲያን በ1961 ከቅዱሳን ቈጥራቸዋለች፤ ገዳማቸውም ሕዝብ አይለየውም። እኔ ሸራ ልስፋ ብዬ ቀረሁ። ብቻዬን ስሆን ግን መርገጫውን ገልጬ በግራ ጎን ያለውን ሳንቃ በእጄ ዳበስሁት፤ ረጥቧል። በማግሥቱ ጧት የፓምፑ ቁጥር ሃያ ስድስት ሆነ። «ስንት?» አሉኝ። «ሃያ» አልሁ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ቃል ስናገር ትልቅ ነገር ያደረግሁ አልመሰለኝም። ስድስት ምንድር ነው? ነገር ግን በመሳቢያው ያለውን ቅጽ ዐውቃለሁ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ «ታምማለች» ይላሉ፥ ከዚያም ይፈርማሉ። ለጀልባይቱ ያዘንሁ መሰለኝ። በእውነቱ ግን ያዘንሁት ለራሴ ነበር፤ ምክንያቱም በሽታው የኔ እጅ ሥራ ነው።

ከኤጊና በሜታና ልሳነ ምድር አጠገብ አልፈን ወደ ፖሮስ ሄድን። ሜታና የእሳተ ገሞራ ተራራ ያለባት ናት፤ ከፍል ውኃዋ የሚነሣው የድኝ ሽታ ከባሕር ላይ ሆኖ ይሸታል። ፖሮስ ማለት መሻገሪያ ማለት ነው፤ ደሴቲቱን ከምድሪቱ የሚለያት ባሕር እጅግ ጠባብ ስለ ሆነ፥ በወዲህ ማዶ ያለው ሰው በወዲያ ማዶ ያለውን ተጣርቶ የሚያነጋግር ይመስላል። በጥንት ዘመን በደሴቲቱ ራስ ላይ በነበረው የፖሴይዶን መቅደስ፥ ዴሞስቴኔስ የተባለው ታላቅ ተናጋሪ ከጠላቶቹ ሸሽቶ መጥቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ322 ዓመት ሞቷል። እነሆ፥ ከጉዞው ሁሉ የተዋበው ሥፍራ ይህ ነበር፤ በደጋው ላይ የተደራረቡት ነጫጭ ቤቶች፥ ማታ መብራታቸው በውኃው ላይ ሲወርድ። እኔ ግን ስለ ፖሮስ ብዙ ልጽፍ አልችልም። አራት ጧት አደርን፤ በአራተኛው ጧት ቁጥሩ አርባ ሦስት ነበር፥ እኔም ሃያ አልሁ።

በማግሥቱ ወደ ደቡብ ወረድን። ከፖሮስ ወደ ሂድራ የሚሄድ ጀልባ ስኪሊ የተባለውን የምድር ጫፍ መዞር አለበት። እስከዚያ ድረስ ምድሩ ከለላ ነው፤ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ግን ከኤጌ ባሕር የሚመጣው ሞገድ ያለ ከልካይ ያገኛል። ነፋሱ ከኋላችን ሆነ፤ ባርባ ሞተሩን አጥፍተው ሸራውን ግማሽ አጥፈው ያዙ። ጀልባይቱ ትወጣለች፥ ትወርዳለች፥ ወደ ግራ ትጋደምና ትመለሳለች፤ በተጋደመች ቍጥር ያች ሥፍራ ትጠልቃለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መርገጫው በእግሬ ሥር ተንሳፈፈ። ውኃው ቍርጭምጭሚቴን አለፈ።

ወደ ፓምፑ ተጣልሁ። ሦስት መቶ ድረስ ቈጠርሁ፥ ከዚያ ወዲያ ጠፋብኝ። ባርባ አንድ ጊዜ ወደ ታች አዩ፤ ምንም አልተናገሩም፤ ሞተሩን አስነሡና ወደ ምድሩ አስጠጉ። ከለላ ስናገኝ ሞገዱ ቀለለ፥ ውኃውም መጨመሩን ተወ፤ አላቆመም ግን። ወደ ሂድራ ስንደርስ ያች የተሽከርካሪ ድምፅ የማይሰማባት፥ ዕቃ ሁሉ በበቅሎና በአህያ የሚጫንባት ደሴት ከፊታችን ተዘረጋች፤ በወደቡ ላይ ያለው የእመቤታችን ፍልሰት ገዳም ደወል ይደወል ነበር። ነገር ግን በነሐሴ የሂድራ ወደብ እንደ ገበያ ነው፤ የሀብታም ጀልባዎች በሦስት ረድፍ ቆመው የአንዱ መልሕቅ በሌላው ላይ ተጥሏል። ውኃውም ጥልቅ ነው፤ ጀልባ አጋድመው የሚሠሩበት አይደለም። «ዶኮስ» አሉ ባርባ። እኔ እየቀዳሁ፥ እርሳቸው መሪውን ይዘው፥ ከሂድራ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ድንጋያማ ደሴት አመራን።

ዶኮስ ሰው አይኖርባትም ቢባል ያስኬዳል፤ ፍየሎችና ቍጥቋጦ ብቻ ናቸው። በዚያ ባሕር ሥር እ.ኤ.አ. በ1975 በዓለም ከታወቁት ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት የመርከብ ስብርባሪዎች አንዱ ተገኝቷል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2200 ዓመት አካባቢ የሰጠመ ነው ይላሉ። ከመርከቡ እንጨት ቅንጣት አልተረፈም፤ የቀረው የጫነው የሸክላ ዕቃ ነው። ይህን የነገሩኝ ባርባ ናቸው፤ ለምን በዚያ ሰዓት እንደ ነገሩኝ አላውቅም።

በሰላጤው ጥግ መልሕቅ ጥለን፥ ዳግመኛም ገመድ ወደ ምድር ወስደን በድንጋይ ላይ አሰርን። ውቅያኖስ ባለበት አገር ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ስለሚሸሽ ጀልባን በደረቅ አሸዋ አስቀምጦ ይጠግኑታል፤ በሜዲተራንያን ግን የባሕር መሸሽና መመለስ ኢምንት ስለ ሆነ፥ ጀልባይቱን ማጋደም የሰው ሥራ ነው። ሰንሰለቱን፥ መረቡን፥ ጄሪካኑን፥ በሆድዋ ያለውን የሚዛን ድንጋይ ሁሉ ወደ ቀኝ አዛወርሁ። ከምሰሶው ጫፍ በቀኝ በኩል ገመድ ወደ ምድር ስበን በድንጋይ ላይ አጠበቅነው። ጀልባይቱ ቀስ እያለች በቀኝ ጎንዋ ዘመም አለች፤ የግራው ሆድዋ ከውኃ ብቅ አለ። እኔ ወርጄ እስከ ደረቴ በውኃ ውስጥ ቆምሁ። ስቱኮው ተሰንጥቆ ወድቋል። አሮጌው ጥጥ በጣቴ ስስበው እንደ ረጠበ አመድ ተበታተነ።

«ባርባ» አልሁ፥ ቀና ብዬ ሳላያቸው፤ «ቁጥሩ ሃያ አልነበረም።»

«ዐውቃለሁ» አሉ። «ትናንት አርባ ሦስት ነበር። ተኝቼ እኔም እቈጥራለሁ፤ ስድሳ ዓመት የሰማሁት ፓምፕ በአንድ ጧት ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«የጠየቅሁህ ቁጥሩን አልነበረም።»

ከዚያ የሚያዝያውን ቅዳሜ፥ መምሸቱን፥ ዝናቡን፥ ሙሉ ዋጋ መቀበሌንም ነገርኋቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በመጨረሻ «አርባ ሦስትን ትችላለች። ስኪሊ ይህን ያህል ይነሣል ብዬ አልገመትሁም። ያ የኔ ጥፋት ነው፤ በሕይወታችን ተጫውቻለሁ» አሉና መሮውን አቀበሉኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እየሠራሁ ሳለ ግን ሁለት ጊዜ «እዚያ ላይ አልበቃም፤ ድምፁን ስማው» አሉኝ።

እንጨቱ ስለ ረጠበ ስቱኮም ቀለምም አይዝም። በሞራ የታሸ ጥጥ አስገባሁ፤ ሞራ ውኃን ስለሚገፋ የባሕር ሰዎች ከድሮ ጀምሮ ይጠቀሙበታል። በላዩ ደግሞ እርሳስ የሚባለው ለስላሳ ብረት በስሱ የተቀጠቀጠው ተለጥፎ በትንንሽ የመዳብ ምስማር ዙሪያውን ይመታል። እርሳሱ በሳንቃው መታጠፊያ ላይ በልክ እንዲቀመጥ አስቀድሞ በወረቀት ልክ ይወሰዳል፤ ወረቀቱም በሞራ ተነክሮ በእርሳሱና በሳንቃው መካከል ይቀመጣል። ጋዜጣ ፈለግን፥ አልነበረም። የዳቦው ወረቀት ስስ ነው፥ ሲረጥብ ይቀደዳል። ባርባ መሳቢያውን ከፈቱ። ክብሪቱን አነሡ፥ መርፌውን አነሡ፤ ቅጹን አውጥተው በሁለቱም ገጹ ተመለከቱት።

«ወፍራም ነው» አሉ፤ ሰጡኝም።

ሌላ ቅጽ ከጽሕፈት ቤቱ በማናቸውም ቀን ሊገኝ እንደሚችል ሁለታችንም እናውቃለን። እኔም አንዲት ቃል ሳልናገር በሳንቃው ላይ ዘርግቼ በከሰል ልኩን አነሣሁ፤ ቈረጥሁት፥ ሞራ ቀባሁት። ስማቸው፥ የጀልባይቱ ርዝመትና የተሠራችበት ዓመት ወደ ውስጥ ሆኖ ተለጠፈ። የምስማሩን አመታት እርሳቸው ከላይ ሆነው እየሰሙ እስኪመሽ ሠራሁ።

ኤርሚዮኒ የደረስነው የግሪኮች ፍልሰታ በሚውልበት፥ በእኛ ነሐሴ 9 ቀን፥ ማለዳ ነበር። እኅታቸው ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፤ የፍየል ሥጋ በምድጃ አብስለው ጠበቁን። የእኛ ጾም ገና አንድ ሳምንት እንደ ቀረው ባርባ ሲያስረዱላቸው፥ «አንዲት እመቤት ሳለች እንዴት ሁለት ጊዜ ታርፋለች?» እያሉ ምስር ሊቀቅሉልኝ ተነሡ። ማታ በደጃፉ ተቀምጠን ሳለን ወንድማቸውን «ያን ወረቀት ፈረምህ ወይ? ስንት ዓመት ነው በባሕር የምትንከራተተው?» አሏቸው።

«ከጀልባይቱ ሆድ ሥር ነው ያለው» አሉ ባርባ። እኅታቸው የቀልድ መልስ መስሏቸው ወደ እኔ አዩ፤ እኔም እውነት ነው አልኋቸው።

በማግሥቱ ጧት ወደ ፔራማ ልንመለስ ስንነሣ ወደ ፓምፑ ወረድሁ። ባርባ ከላይ፥ ከብርድ ልብሳቸው ሳይወጡ፥ «ስንት?» አሉኝ።

«ዐሥራ ሰባት» አልኋቸው። እየቈጠሩ እንደ ነበር ዐውቃለሁ።